ድመቷ ያሸተተችው ጣሳ

ድመቷ አሁን ከኔ ጋር መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ናት። ከገበያ ስገባ ዘንቢሉን መሬት ሳላሳርፍ ከተፍ ትላለች። ሽንኩርቱን ታሸትና ፊቷን ታዞራለች፣ ሳሙናውን ታሸትና ታስነጥሳለች፣ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት አንድ በአንድ ካላሸተተች ደግሞ እርማት አልጀምርም። ጎረቤቴ "ኧረ አታባልጊያት፣ ነገ ሌማት ላይ ትወጣብሻለች" ትለኛለች። "ተያት፣ ሥራዋ ነው" እላታለሁ። ሥራዋን ማን እንደሰጣት ግን ነግሬያት አላውቅም። ብነግራት ታለቅሳለች፤ እሷ ካለቀሰች እኔን የሚይዘኝ የለም።

ሥራውን የሰጧት አባቴ ናቸው።

አባቴ ጋይንት ውስጥ፣ ከቤተ ልሔም ብዙ በማይርቅ ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ መምህር ነበሩ። ዓይናቸው ከጠፋ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር። ድጓውን ከነምልክቱ በቃላቸው ስለያዙት ለማስተማሩ አልተቸገሩም። "መጽሐፉ ሆዴ ውስጥ ነው፣ ማን ያጠፋብኛል" ይሉ ነበር። ያስቸገራቸው ሌላ ነው። እናቴ በሞተች በሁለተኛው ክረምት አንድ ክፉ ጉንፋን ያዛቸውና ሲለቃቸው ሽታና ጣዕም ይዞባቸው ሄደ። ነጭ ሽንኩርት አፍንጫቸው ሥር ቢያደርጉላቸው "ምንድን ነው?" ይላሉ። ወጡ ጨው ይብዛው፣ ይነሰው አያውቁም። ዓይን የሌለው ሰው አፍንጫውንም ሲያጣ የገዛ ቤቱ እንዴት እንደሚጠፋበት ያወቅሁት ያኔ ነው።

ድመቷ ወደዚያ ቤት የመጣችው ለመጻሕፍቱ ነው። አይጥ ብራና ይወዳል፤ ብራና ያለው ሰው ድመት ያኖራል። ግራጫ ናት፣ የግራ ጆሮዋ ጫፉ የለም። አባቴ ስም አላወጡላትም፣ "እሜቴ" ብቻ ይሏታል። ውሻ በዚያ ቤት ከደጅ አያልፍም፤ አፉ ዕቃ ከነካ ጠበል ሳይረጭበት አይበላበትም። እሜቴ ግን እንደ ባለርስት መደቡ ላይ ነበረች።

አንድ ቀን ጎረቤት በጀሪካን ውሃ ቀድቶ ያመጣላቸዋል። ሊጠጡ ቀድተው ሲያነሡ ጭናቸው ላይ የነበረችው ድመት አንዴ አሸተተችና ዘልላ ወረደች። አባቴ ተጠራጠሩ፣ ሰው ጠርተው አስሸተቱ፤ ጀሪካኑ የላምባ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ወደ ቤቱ የሚገባ ነገር ሁሉ በእሜቴ በኩል ያልፋል። አባቴ መደቡ ላይ ይቀመጡና ግራ እጃቸውን ጀርባዋ ላይ ያሳርፋሉ። ዕቃው አፍንጫዋ ሥር ይቀርባል፣ እሳቸው ጀርባዋን ያነባሉ። "ቆዳዋ ነዘራት፣ ሳሙና ነው።" "ጠጉሯ ቆመ፣ ይኼ ዘንቢል ውሻ ካለበት ቤት ነው የመጣ።" "አልተነቃነቀችም፣ ሽሮ ነው፣ አምጡልኝ።" ቅቤ ወይም ወተት የሆነ እንደሆነ ግን መላ ሰውነቷ ያንጎራጉራል፤ ጀርባዋ ከእጃቸው ሥር ይንዘፈዘፋል። "እሜቴ ዜማ ጀመረች" ይላሉ። አፏን ሰደድ ካደረገች በሁለት ጣታቸው አፍንጫዋን መታ ያደርጓታል። "አሽትቺ አልሁሽ እንጂ ቅመሽ አልሁሽ?"

ሰፈሩም ጨዋታ አደረገው። የቃሪያ ችግኝ የያዘ፣ አዲስ ጫማ የገዛ፣ ከወገዳ ገበያ ማር ያመጣ ሁሉ "እስቲ ለእሜቴ" እያለ ጎራ ይላል። እኔም ለጥየቃ በሄድሁ ቁጥር ቦርሳዬን፣ ጃንጥላዬን፣ ስልኬን ታሸታለች። አንድ ጊዜ ሽቶ ተቀብቼ ሄጄ ሦስት ጊዜ አስነጠሰች። "ልጄ፣ እሜቴ አልወደደችውም፤ በዚህስ ባል አይገኝበትም" አሉኝ አባቴ። ፈት ነኝ። ሌላ ሰው ቢለኝ ዓመት አኮርፈው ነበር፣ ከሳቸው ጋር ግን እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

እኔ አፌ ላይ መሐላ አለብኝ። "አባቴ ይሙት" ሳልል ነገር አልጨርስም፤ ለነጋዴው፣ ለሹፌሩ፣ ለተማሪው፣ ለራሳቸው ለአባቴም ሳይቀር። "አባቴ ይሙት፣ መንገዱ ተበላሽቶ ነው የዘገየሁ" ስላቸው፣ "ምነው ልጄ፣ እውነትሽ ከኔ ሞት ሌላ ምስክር አጣ?" ይሉኛል። ይስቃሉ። እኔም ደግሜ እምላለሁ።

ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ተደወለልኝ። "የኔታ አልቻሉም፣ ነይ።" ደብረ ታቦር ወሰድናቸው። ሐኪሙ ሳምባቸው ተጎድቷል አለና የብዙ ወር መድኃኒት ሰጠን። "መድኃኒቱ ከባድ ነው፤ ወተትና እንቁላል ካላገኙ ሰውነታቸው አይሸከመውም" አለኝ። ለኔ ነው የነገረኝ፣ አባቴ ግን ጆሮ አላቸው። በመኪና ስንመለስ "ሐኪሙ ጥሩ ልጅ ነው። ከፋሲካ በኋላ ያለውን እናደርጋለን" አሉ። በቃ፣ ነገሩ ተዘጋ።

ከፋሲካ በኋላ! ሃምሳ አምስት ቀን ጾመው! እኔ የሳይንስ መምህርት ነኝ፤ ፕሮቲን ለሰውነት ምን እንደሚሠራ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እንቁላልና ጣሳ እየሣልሁ አስተምራለሁ። ያን ሰሞን ትምህርት ተቋርጦ ስለነበር እዚያው ቀረሁና ትምህርቴን ለአባቴ ያዝሁ።

"የታመመ ጾም የለበትም ይሉ አልነበር? ለስንቱ ሕመምተኛ ብሉ ብለው ፈቅደው የለ?"

"እሱ ለነሱ ነው።"

"ለርስዎስ?"

"እኔ በልጅነቴ የጀመርሁትን ለአንድ ሳል ብዬ አሁን ልፍታው? ተይኝ ልጄ።"

"እንግዲያ ይሙቱ!" ብዬ በሩን ድርግም አድርጌ ወጣሁ። ምላሴ እንዲህ ናት። ደጅ ቆሜ ሳለሁ ውስጥ ለድመቷ "ሰማሽ እሜቴ? ዛሬስ ያለ መሐላ ነው የገደለችኝ" ሲሉ ሰማኋቸው።

በሦስተኛው ሳምንት በሶ እንኳ አልወርድ አላቸው። በቀን አንድ ጊዜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ትንሽ አፋቸው ላይ አድርገው መድኃኒቱን ይውጣሉ፤ ወዲያው ያስመልሳሉ። የእጃቸውን አንጓ በሁለት ጣቴ ስይዘው ጣቶቼ ተገናኝተው ይተርፋሉ። ስደግፋቸው የሰው ክብደት የላቸውም። ፈራሁ። እናቴን ቀብሬያለሁ፣ እሳቸውን ደግሞ ዓይኔ እያየ በረኃብ ልቅበር? ነፋስ መውጫ ወርጄ የዱቄት ወተት ገዛሁ። ባለሱቁ "ለሕፃን ነው?" አለኝ። "አዎ" አልሁት። ውሸቱ ከዚያ ጀመረ።

በኛ ቤት የጾምና የፍስክ ዕቃ ለየብቻው ነው። የለየችው እናቴ ናት። የጾሙ ጣሳ ሰማያዊ፣ የፍስኩ ነጭ፤ ቅቤ የነካ ማንኪያ ሰማያዊው ጣሳ አጠገብ እንኳ አይቀመጥም። አባቴ በዳሰሳ ያውቋቸዋል፣ የሰማያዊው ጠርዝ የተላጠ ቦታ አለው። ስለዚህ በነጩ ብሰጣቸው ወዲያው ያውቁብኛል። በእናቴ የጾም ጣሳ የአጃ አጥሚት ቀዳሁና ሦስት ማንኪያ የወተት ዱቄት በጥብጬ ጨመርሁበት። እጄ አልተንቀጠቀጠም። የተንቀጠቀጠ ቢሆን ኖሮ ለራሴ ትንሽ አዝን ነበር።

የቀረችኝ ድመቷ ነበረች። ይዤ ማድ ቤት ከተትኋትና በሩን በድንጋይ አስደገፍሁት።

"እሜቴ የት አለች?" አሉኝ ጣሳውን ሲቀበሉ።

"አይጥ አይታ ጎተራው ሥር አድፍጣለች።"

"በሁዳዴ? ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ!" ብለው ሳቁ። ጣሳውን ያዙት እንጂ አልጠጡትም። ዳበሱት፣ የተላጠውን ቦታ በአውራ ጣታቸው አገኙት። "አጃ ብቻ ነው?"

"አባቴ ይሙት፣ አጃ ብቻ ነው!"

ጠጡ። መድኃኒቱንም ዋጡ። አላስመለሳቸውም።

አሥራ አንድ ቀን እንዲህ አደረግሁ። በስድስተኛው ቀን ግድግዳ ይዘው ደጅ ወጡ። በዘጠነኛው ቀን ከጓዳ ሆኜ ዜማ ሰማሁ፤ ቀጭን ነው፣ ይቆራረጣል፣ ግን ዜማ ነው። ደስታዬን ለምን እደብቃለሁ? የእህል ጆንያ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። እግዚአብሔር ራሱ በነገሩ የተስማማ መሰለኝ። የከፋኝ ጠያቂ ሲመጣ ነው። "አያችሁ? ጾም መድኃኒት ነው ስላችሁ! ይኸው በአጃ ብቻ አነሣኝ" ይሉ ነበር አባቴ፣ ደረታቸውን እየነኩ። ጠያቂው "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል። እኔ ብርጭቆ አጥባለሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ድንጋዩን ማስደገፍ ረሳሁ፣ ወይም በደንብ አላስደገፍሁትም። ጣሳውን ይዤ ስገባ በእግሬ ሥር ሾልካ ቀደመችኝ።

"እሜቴ! ኧረ ከረምሽ" አሉ አባቴ። እጃቸውን ዘረጉ፣ ጭናቸው ላይ ወጣች። "ምነው ይኸን ያህል? ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ትጠፊያለሽ፣ ምን በድዬሽ ነው?" ከዚያ ወደኔ ዞሩ። "አምጪው ልጄ፣ ታሽተው። ሥራዋ ናፍቋታል።"

ጣሳው በእጄ ነው። ማፍሰስ እችል ነበር። ተሰናክዬ መውደቅ እችል ነበር። እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ እንደታዘዘ ልጅ አቀረብሁት። አፍንጫዋ ጠርዙን እንደነካ ማንጎራጎር ጀመረች። ቤቱ ሁሉ የሞላ መሰለኝ። የአባቴ እጅ ጀርባዋ ላይ ቀጥ አለ። ፊታቸው ላይ ፈገግታ ነበር፤ ወዲያው አልጠፋም፣ መሄድ እንደሚከብደው እንግዳ ቆይቶ ቆይቶ ነው የሄደው።

"ምንድን ነው ይኼ?"

"አጃ ነው።"

"እሜቴ ለአጃ ዘምራ አታውቅም።"

ጣሳውን ከእጄ ወሰዱት።

"ስንት ቀን ነው?"

"አሥራ አንድ።"

"በዚሁ ጣሳ? በናትሽ የጾም ጣሳ?"

"አዎ።"

"ምለሽልኝ ነበር እኮ" አሉ። "አባቴ ይሙት ብለሽ።"

ያን ጊዜ ጉልበታቸው ላይ መውደቅ ነበረብኝ። "ይቅር ይበሉኝ" ለማለት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? እኔ ግን ጮህሁ። "ለርስዎ ብዬ ነው! አልተሻለዎትም? እስቲ አልተሻለኝም ይበሉኝ!"

"ተሽሎኛል" አሉ። ጣሳውን ወደኔ መለሱትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በማግስቱ የንስሐ አባታቸው መጡ። ፊት የአባቴ ተማሪ የነበሩ፣ ጎልማሳ ቄስ ናቸው። በር ዘግተው ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ግቢው ውስጥ ወይራው ሥር አቆሙኝ።

"ለምን እኔን አልጠየቅሽኝም?"

"ይከለክሉኛል ብዬ ነዋ መምሬ።"

"ማን ነገረሽ? ለሕሙም መፍቀድ የኔ ሥራ ነው። እሳቸው ለራሳቸው አይፈቅዱም፣ ማንም ካህን ለራሱ አይፈቅድም። እኔ ጠጡ ብላቸው ግን ይጠጡ ነበር። አስተማሪዬ ቢሆኑም የንስሐ ልጄ ናቸው፤ ቃሌን አያልፉም ነበር።"

"እንግዲያ አሁን ይንገሯቸዋ!"

"አሁን ነገርኋቸው። ሳያውቁ የጠጡት አይቆጠርብዎትም፣ የቀረውንም ፈቅጄልዎታለሁ አልሁ። 'ይኼን ያልኸኝ ልጄ አሳዝናህ ነው፤ ጾም ያፈረሰ ሰው ይክሳል እንጂ ይጨመርለታል?' አሉኝ።" መስቀላቸውን አሳለሙኝና ሄዱ። ወይራውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ለሳይንሱ አንድ ዓመት ሙሉ የማወራ ሴት፣ እስከ ደብሩ ሄጄ አንዲት ጥያቄ መጠየቅ አቅቶኝ ነው እንግዲህ ይኼ ሁሉ።

የወተቱን ዱቄት ለአንዲት አራስ ሰጠሁት። ሰማያዊውን ጣሳ አባቴ ጠበል አስረጩት። ከዚያ በኋላ ከእጄ የሚወጣ ነገር ሁሉ በእሜቴ አፍንጫ አለፈ፤ በሶው፣ ሽሮው፣ ውሃው እንኳ። ፊትም ታሸት ነበር እኮ! ፊት ግን ጨዋታ ነበር። አሁን አባቴ አይስቁም፣ "ሳሙና ነው፣ ማር ነው" አይሉም። እጃቸውን ጀርባዋ ላይ አድርገው ይጠብቃሉ፤ ድመቷ ዝም ካለች ይቀበሉኛል። ኬላ ላይ እንደሚፈተሽ መንገደኛ እቃዬን ይዤ እቆማለሁ። አንድም ቀን ክፉ አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

መድኃኒቱ ያለ ምግብ እንደገና ይንጣቸው ጀመር። ዜማው ቆመ።

የፋሲካ ለት ደወሉንና ከበሮውን ከመደቡ ላይ ሆነው ሰሙ። ነጩን ጣሳ አወጣሁ፣ ትኩስ ወተት ቀዳሁ። "በሞቴ አባዬ፣ ዛሬስ ይጠጡልኝ" አልሁ። "እሽ ልጄ፣ እሜቴን ጥሪያት" አሉ።

"አሁን ምን ጾም አለና ነው?"

"ልማድ ሆኖብኝ ነው።"

ልማድ አልነበረም። ሁለታችንም እናውቃለን። ድመቷ አሸተተች፣ ዘመረች፣ እሳቸው ሁለት ጊዜ ፉት አሉና አስቀመጡት። አንጀታቸው ጠቦ ነበር። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይቀምሳሉ፤ በየቀኑም ድመቷ ትጠራለች። "ይቅር ይበሉኝ" የሚለው ቃል በየቀኑ አፌ ላይ ይመጣና እውጠዋለሁ። ለምን? ልክ ነበርሁ የምትል አንዲት ግትር ነገር ውስጤ ቁጭ ብላ። ዛሬ ባገኛት አንቃታለሁ።

ከፋሲካ በኋላ በአምስተኛው ሳምንት ትኩሳቱ ጸናባቸው። ቀኑ ይምታታባቸው ጀመር። እናቴን ይጠራሉ፣ ከዚያ መሞቷን ያስታውሱና "ነፍሷን ይማር" ይላሉ። አንድ ጠዋት ጎረቤታችን ያለበችውን ወተት በነጩ ጣሳ ይዤ ቀና አደረግኋቸው።

"ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?" አሉ።

"ረቡዕ ነው።"

"ረቡዕ?" ጣሳውን ዳበሱ። የተላጠ ቦታ ፈለጉ፣ የለም። "ረቡዕ በፍስክ ጣሳ?"

"በሃምሳው ውስጥ ነን እኮ አባዬ። እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም ይበላል፣ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።"

"ፋሲካ የት ዋለና ነው ሃምሳው? እሜቴን ጥሪያት።"

መጥራት አላስፈለገም፣ አጠገባቸው ነበረች። አሸተተች፣ ጀመረች።

"ወተት ነው።"

"ወተት ነው! መቼ ደበቅሁ? ሁዳዴ አልቋል አባዬ፣ አባቴ ይሙት አልቋል!"

ከአፌ ወጣ። ሁለታችንም ሰማነው። አባቴ ፈገግ አሉ፤ የድካም ፈገግታ ነው፣ ቁጣ የለበትም።

"አንቺ ልጄ፣ ደግሞ ጀመርሽ?" አሉና ጣሳውን በእጃቸው ጀርባ ቀስ አድርገው ገፉት።

ያን ለት እኮ እውነቴን ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ እውነት ተናግሬ አላውቅም። ጣሳውን መደቡ ሥር አስቀመጥሁና ነጠላዬን እየጎተትሁ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጥሁ። የንስሐ አባታቸውን በር ላይ አገኘኋቸው። "መምሬ፣ ፋሲካ መሆኑን ይንገሩልኝ፣ እኔን አያምኑኝም" አልሁ። ሌላ ሳይጠይቁኝ ተከተሉኝ።

ገና ከበሩ ሲገቡ "ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን!" አሉ፣ በሃምሳው እንደሚባለው።

የአባቴ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። "በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን" ብለው መለሱ፤ ከዚያ ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣ። "እንዴ? ተነሥቷል?"

"አምስተኛ ሳምንቱ ነው የኔታ።"

ይቺን ሰላምታ እኔ አላውቃትም? ከልጅነቴ ጀምሮ ስላት አልኖርሁም? መማል ሲመጣ አንደበቴ የማይያዝ ሴት፣ ያቺን አንዲት ቃል ግን ሳላስባት ቀረሁ።

"ለካ እውነቷን ኖሯል" አሉ አባቴ። እጃቸውን ወደኔ ዘረጉ። "በይ ወተቱን ስጪኝ ልጄ።"

እሜቴን ጥሪያት አላሉም። ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲሁ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

ጎንበስ አልሁ። ነጩ ጣሳ ባዶ ነው፤ ታችኛው ሁሉ ተልሷል። እሜቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ በእግሯ ፊቷን ትጠርጋለች። አፍንጫዋን መታ የሚያደርግ እጅ ሳይኖር ሲቀር ያው ድመት ናት። "መጣሁ፣ አሁን መጣሁ" አልሁና ጣሳውን ይዤ ወጣሁ።

ጎረቤታችን የቀረውን ወተት ለእርጎ ከሌላው ጋር አቀላቅላዋለች። ላሚቱ ወደ መስክ ወጥታለች። ወደ ቀጣዩ ቤት ሮጥሁ፣ ማንም የለም። ሦስተኛው ቤት አንዲት እናት የልጇን ወተት ቀንሳ ሰጠችኝ፤ "ለየኔታ ከሆነ ሁሉንም ውሰጂ" አለችኝ። እንዳይፈስ በሁለት እጄ ይዤ፣ መሮጥ እያማረኝ በዝግታ መጣሁ። ጭቃ ነበር።

መምሬ ቆመው ፍትሐት ያነባሉ። ድምፃቸውን ስሰማ በር ላይ ቀረሁ። የአባቴ እጅ ከመደቡ ጠርዝ ወጣ ብሎ እንደተዘረጋ ነው። መምሬ አንብበው ሲጨርሱ መጽሐፉን አጠፉ።

"ምን አሉ?" አልኋቸው።

"'ልጄ እውነት ስትናገር አላመንኋትም፣ ይቅር ትበለኝ በላት' አሉኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አንቺን ሲጠብቁ ነበር።"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የኔ እውነት የሚያድርበት ቀን አላገኘም። አባቴ እኔን ይቅር በይኝ ብለው ሄዱ፤ ማን ማንን ነው ይቅር የሚለው? ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ፣ ያን ጊዜ። "ይቅር ይበሉኝ አባዬ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልሁ። መምሬ በሳቸው ፈንታ "እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሉኝ።

ጣሳው አሁንም በእጄ ነበር። ድመቷ መጥታ አሸተተችው፤ ጠግባ ነበርና ትታው ሄደች።